የእኛና የወንዶቹ ሽንት ቤት

ደብረ ታቦር ውስጥ በጸሐፊነት ተቀጥሬ ሥራ የጀመርሁ ቀን፣ ከጎኔ የሚቀመጡት ጠና ያሉ ሴት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ሽንትሽ ሲመጣ ብቻሽን እንዳትሄጂ፤ ለኔ ንገሪኝ» አሉኝ። ሁሉም «እትዬ» ነው የሚላቸው። አዲስ ሰው ላይ የሚቀለድ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

መሥሪያ ቤታችን የተከራየ ፎቅ ላይ ነው። ከታች ሱቆች አሉ፣ ከላይ እኛ። ከኮሪደሩ ጫፍ ሁለት የሽንት ቤት በሮች ጎን ለጎን ቆመዋል። የወንድ የለ፣ የሴት የለ፤ ሠራተኛውም ባለጉዳዩም ክፍት ያገኘው ውስጥ ይገባል። የሁለቱም መቀርቀሪያ ተነቅሎ ቦታው ቀዳዳ ሆኗል። በአንደኛው ቀዳዳ የሆነች ሴት ፌስታል ጠቅልላ ወትፋበታለች።

በዚያው ቀን ረፋድ ላይ እትዬ በሩ ላይ ቆሙልኝና ገባሁ። ሽታው አስቀድሞ ዓይኔን አቃጠለኝ። ሁለቱ መርገጫዎች ረጥበዋል፣ ዙሪያቸውን ቢጫ ውሃ አቁሯል፣ ውሃው ላይ የሲጋራ ቁራጭ ይንሳፈፋል። ግድግዳው ላይ አንዱ የተፋው አክታ ወደ ታች እየወረደ ደርቆ ቀርቷል። ቧንቧው ውሃ የለውም። የቀሚሴን ጫፍ በጥርሴ ነክሼ፣ በአንድ እጄ በሩን ይዤ፣ በሌላው ነጠላዬን ሰብስቤ ቁጢጥ አልሁ። የማላውቀው ወንድ ሽንት ከጫማዬ ሥር ቸፈቸፈ። ስወጣ ጫማዬን ደረጃው ላይ ደጋግሜ ፈገፈግሁት። ምሳ ሰዓት ላይ የቀረበልኝን ሽሮ አንድ ጊዜ ጎርሼ ተውሁት፤ ሽታው ከአፍንጫዬ አልወጣ ብሎኝ ነበር።

ወንድ ቆሞ ይሸናል። ቢፈስ ጫማው ይረጥባል እንጂ ገላው አይነካውም። ሱሪውን ኮሪደሩ ላይ እየቆለፈ፣ እያፏጨ ይወጣል። ከሱ ቀጥላ የምትገባዋ ሴት ናት ቁጢጥ የምትለው፣ ቀሚሷን የምትሰበስበው፣ እሱ የረጨውን እንዳትነካ የምትጨነቀው። ይህን ከወንዶቹ አንዱም ያሰበው አይመስለኝም። ቤታቸው እንዲህ ያደርጋሉ? ሚስታቸው ፊት፣ እናታቸው ፊት ያደርጉታል? ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ።

ስለዚህ ጠዋት ሻይ መጠጣት ተውሁ። ውሃም ተውሁ። የደብረ ታቦር ብርድ ደግሞ ራሱ ሽንት ያመጣል፤ በክረምት ጉና በጉም ተሸፍኖ ሲውል እግሬን አጣምሬ፣ ጥርሴን ነክሼ እስከ ምሳ ሰዓት እጠብቅና ቤቴ እሮጣለሁ። የወር አበባዬ ሲመጣ ይብሳል። ቆሻሻ መጣያ ስለሌለ ያወለቅሁትን ሞዴስ በፌስታል ጠቅልዬ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ ከሰው ጋር ስብሰባ ተቀምጬ እውላለሁ። ቦርሳዬን ባነሳሁት ቁጥር የሸተተኝ ይመስለኛል። አንዴ የጽዳት ሠራተኛዋ ክዳን የሌለው ባልዲ አስቀምጣልን ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ወንዶቹ ሸኑበት። ከዚያ በኋላ ማንም አልተጠቀመበትም።

ሽንቴን ስይዝ ከርሜ ታመምሁ። ሲወርድ እንደ እሳት ያቃጥለኛል። ክሊኒክ ስሄድ ነርሷ፣ «ሽንት ትቋጥሪያለሽ?» አለችኝ። «አዎ» አልኋት። «እናንተ የቢሮ ሴቶች አንድ ዓይነት በሽታ ነው ይዛችሁ የምትመጡት» አለችና መድኃኒቱን ጻፈችልኝ።

እንዲህ እንዳለን ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንዲት አሮጊት ከጉና በኩል ለመሬት ጉዳይ መጡ። ልጃቸው ይዛቸው ነው የመጣችው። ሌሊት ተነስተው፣ እስከ መኪናው መንገድ በበቅሎ ወርደው ነው የደረሱት። የለበሱት ጋቢ አዲስ ነው፣ ነጭነቱ ዓይን ይወጋል። ጉዳዩን የያዘው ባለሙያ ስብሰባ ላይ ነው ተብለው አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው ረፈደባቸው። ልጃቸው ማስረጃውን ፎቶ ኮፒ ልታስነሳ ወደ ታች ስትወርድ፣ አሮጊቷ ቀስ ብለው ወደኔ መጡ።

«ልጄ፣ ወጣ ማለት ፈልጌ ነበር። ሜዳው በየት በኩል ነው?»

«እማማ፣ እዚህ ሜዳ የለም። ቤት ነው ያለው። ይምጡ፣ ላሳይዎ።»

ወለሉን እንዳያዩት ፈልጌ ነበር፤ ምን ላድርግ። ከሁለቱ የተሻለውን መርጬ አስገባኋቸውና በሩን በጀርባዬ ተደግፌ ቆምሁ። ውስጥ ሆነው «ወይኔ እመቤቴ» ሲሉ ሰማኋቸው።

ያኔ ጉዳያቸውን የያዘው ባለሙያ ከስብሰባው ወጥቶ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ሲመጣ አየሁት።

«ሰው አለ» አልሁት።

ራሱን ነቀነቀ፤ የሰማኝ መሰለኝ። ግን ስልኩን እያወራ በትከሻው ገፋ አደረገኝና በሩን በእግሩ ከፈተው። አሮጊቷ ደንግጠው ሊነሱ ሲሉ እግራቸው አዳለጣቸውና ያ ውሃ ላይ በመቀመጫቸው ወደቁ። ሰውየው፣ «ይቅርታ፣ አይዘጋም እንዴ ይሄ?» ብሎ ከጎን ወዳለው ገባ። በሩን እንኳ አልመለሰውም። ስልኩን እያወራ ሲሸና ድምፁ ይሰማን ነበር።

ገብቼ እጃቸውን ልይዝ ስል፣ «አትንኪኝ ልጄ፣ አንቺም ትበላሻለሽ» አሉኝ። አላለቀሱም። ፊታቸው ግን የሰው ፊት አልመስል አለኝ። ከነጩ ጋቢ ላይ ቢጫው እየተንጠባጠበ ነው። እትዬ የመውደቁን ድምፅ ሰምተው ከጠረጴዛቸው ሥር የሚያስቀምጧትን የውሃ ጀሪካን ይዘው መጡ። እጃቸውን፣ እግራቸውን፣ ክርናቸውን አጠብናቸው። ሳጥባቸው ትንፋሼን ይዤ ነበር፤ እሳቸውን አልነበረም የተጸየፍሁት፣ ግን እጄ እየራቀ ያስቸግረኝ ነበር።

«ጉዳዬን ስጨርስ ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ልሳለም አስቤ ነበር» አሉ አሮጊቷ። «እንግዲህ በወንድ ሽንት ርሼ ደጁን አልረግጥ።»

እትዬ ጋቢውን አስወልቀው የራሳቸውን ነጠላ ደረቡላቸው። አሮጊቷ መጀመሪያ አልፈልግም አሉ፣ ኋላ ብርዱ አስገደዳቸው።

«እኛ ዘንድ ጨለማ ለብሰን ነው የምንወጣ» አሉ ነጠላውን እያጣፉ። «እሱም መከራ ነው፣ እህቴ። ጅቡ አለ፣ ውርጩ አለ። ብቻ ሰው በሸናበት ላይ ተቀምጨ አላውቅም።»

እትዬ ያንን ጋቢ ከነርጥበቱ ጠቅልለው አነሱና ወደ ኃላፊያችን ክፍል ሄዱ። ስብሰባው ገና አልተበተነም፤ ባለሙያውም ተመልሶ ቦታውን ይዟል። እኔ ከኋላቸው ደረስሁ። እትዬ ጋቢውን ጠረጴዛው መሐል አስቀመጡት።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ኃላፊው ወንበሩን ወደ ኋላ እየሳበ።

«ሽንታችሁ ነው።»

አንዱ አፍንጫውን በእጁ ያዘ።

«ይሸታል እኮ!» አለ።

«አዎን ይሸታል። እኛ ላዩ ላይ ነው የምንቀመጠው። ዛሬ የናንተን እናት የምታህል ሴት ወድቃበታለች። በሩን የከፈተባትም እዚሁ ተቀምጧል።»

ባለሙያው ፊቱ ቀላ። «ሳላውቅ ነው፣ ስልክ እያወራሁ ነበር» አለ። ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር በስብሰባ ፊት አይወራም። ነውር ነው። እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል የለ?»

«ዝንቡማ ከዚያ ቤት እየተነሳ ምሳችን ላይ እያረፈ ነው» አሉ እትዬ። «ዝም ብለን ነው ለዚህ የበቃነው። ከዛሬ ጀምሮ አንደኛው ቤት የሴት ነው።»

እሺም እምቢም አላለም። እንደ እሺ ቆጠርነው።

ከሰዓት በኋላ እኛ ሴቶቹና የጽዳት ሠራተኛዋ ሆነን ገባንበት። አሸዋና በረኪና አምጥተን፣ አፋችንን በሻሽ አስረን ፈገፈግን። ከመርገጫው ጎን ደርቆ እንደ ድስት ቅርፊት የተጋገረውን በቢላ ስንፍቀው ከሥሩ አዲስ ሽታ ወጣ፤ ስንት ዓመት የተከማቸ የስንት ሰው ሽንት እንደሆነ እግዜር ይወቅ። አንዷ ባልደረባችን እያቋረጠች እየወጣች ታስመልስ ነበር። ከታች ካለው ብየዳ ቤት ሰው ጠርተን መቀርቀሪያ አስበየድን፣ ከውጭም ቁልፍ አንጠለጠልንበት። መክፈቻው እኔ ዘንድ ሆነ።

ወንዶቹ አጉረመረሙ። «የመንግሥት ቤት ትቆልፋላችሁ እንዴ?» ያሉም ነበሩ። አንድ ቀን ከምሳ ስንመለስ በራችን ላይ ከላይ እስከ ታች ተሸንቶበት አገኘን። በበሩ ሥር ገብቶ ያጠብነው ወለል ላይ ተኝቷል። እኔ አለቀስሁ። ማን እንዳደረገው አላወቅንም፣ ዛሬም አላውቅም። የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን ስታነሳ እትዬ እጇን ያዙ።

«አንቺም አትነኪውም፣ ማንም ሴት አይነካውም። የሸናው ያጥበው።»

ሽንቱ ሳይታጠብ ቆየ። ሽታው ኮሪደሩን ሞላው፣ ባለጉዳዩ አፍንጫውን እየያዘ መመለስ ጀመረ፣ ኃላፊውም መስኮቱን ከፍቶ በብርድ እየተንቀጠቀጠ መሥራት ሆነበት። በመጨረሻ ሁለት ወንዶችን አዘዘ። አንደኛው ያ ባለሙያ ነበር። መሐረብ አስረው ውሃ እየደፉ ሲፈትጉ እኛ ከጠረጴዛችን እናያለን። ባለሙያው መሐል ላይ መጥረጊያውን ጣለና ወደ መስኮቱ ሮጦ አስመለሰው። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም። እኔንም አቅለሸለሸኝ።

የአሮጊቷን ጋቢ እትዬ ቤታቸው ወስደው አጠቡት። ደጋግመው ዘፍዝፈው፣ ፀሐይ ላይ አሰጥተው ነጭ አደረጉት። ልጃቸው ለጉዳዩ ብቻዋን ስትመጣ ሰጠናት። የእትዬን ነጠላም ታጥቦና ታጥፎ መልሳ አመጣችው።

«እማማ ደኅና ናቸው?» አልኋት።

«ደኅና ናት። ብቻ ጋቢውን አልለብሰውም ብላለች። ብታጥቡትም ይሸተኛል ነው የምትል።»

አሁን ከእብናትም ከሌላውም ወረዳ የሚመጡ ሴቶች መክፈቻውን ከኔ ይጠይቃሉ። በሹክሹክታ ነው የሚጠይቁት፤ እኔ ጮክ ብዬ «እንኪ!» እላለሁ። ተጠቅመው ውስጥ ካስቀመጥነው ባልዲ ውሃ ደፍተውበት ይወጣሉ። የወንዶቹ ግን ያው እንደነበረ ነው። በመሐል ያለው ግድግዳ ጣሪያው አይደርስም፣ ከታችም ተሰንጥቋል። ትናንት ከውስጥ ቀርቅሬ ሳለሁ ጎረቤቱ ቤት አንድ ወንድ ገባ። ሱሪውን ሲፈታ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ሲተፋ፣ ከዚያም ሲለቀው ሰማሁ። ጥቂት ቆይቶ በስንጥቁ በኩል አንዲት ቀጭን ቢጫ መስመር ወደኛ ወለል እየተሳበች መጣች። ተነስቼ ቀሚሴን አስተካከልሁና ባልዲውን አንስቼ ደፋሁባት።