መርጌታን የሚጠራው ሰርቨር

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ባልደረባዬ «ኮዱን አስተካክያለሁ፤ ሰርቨሩ ግን አሮጌውን ነው የሚያወጣው!» እያለ ጠረጴዛ ሲደበድብ ሳቄ መጣ። እኔም በዚሁ ጉድ ተዋርጄ ነበር፤ ያውም ደባርቅ ላይ፣ በበቅሎ መሀል።

የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ነው። ገና ከዩኒቨርሲቲ መውጣቴ፣ ጉራዬን ማን ይችለዋል! የቱሪስት ጓዝ ወደ ስሜን ተራራ የሚጭኑ ባለበቅሎዎች ተራ የሚይዙት በደብተር ነበር። «ጣሉት» ብዬ በጃቫ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠራሁላቸው። ለሙከራ ያህል ስሞቹን ኮዱ ውስጥ ጻፍኩ፤ አንደኛ ያደረግኋቸውም በቅሎ ኖሯቸው የማያውቁትን አጎቴን መርጌታ ፈንቴን ነው። በኋላ ትክክለኛውን ዝርዝር ጃር በሚባል የፕሮግራም ጥቅል ጠቅልዬ ሰርቨሩ ላይ ጫንኩ።

ጥቅምት ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ባለበቅሎዎቹ የገብስ ቆሎ እየቆረጠሙ ሳለ ስክሪኑ በራ፦ «ተራ አንድ፣ መርጌታ ፈንቴ።»

«ምን?» አሉ ከባለበቅሎዎቹ አንዱ፣ አያ ደሴ። ተራው የእሳቸው ነበር፤ ሳምንት ሙሉ ጠብቀውታል። ካለፋቸው እንደገና ከጭራ መጀመር ነው።

ጃሩን ደግሜ ጫንኩ፤ ሰርቨሩን አጥፍቼ አስነሣሁ። መርጌታ ፈንቴ። አሁንም ደገምኩ። መርጌታ ፈንቴ! ይሄኔ ወሬው ደርሷቸው መርጌታ የተውሶ በቅሎ እየጎተቱ ብቅ አይሉ መሰላችሁ! «ተጠራህ አሉኝ» አሉ፣ ኮራ ብለው።

አያ ደሴ ወደ ኮምፒውተሩ ዞሩ። «አንተ ቀልበ ቢስ ቆርቆሮ! እኔን አታየኝም?»

«እውነትም ቀልበ ቢስ ነው» አልኩ እኔም፣ ሳላፍር።

እንግዶቹ ጓዛቸውን ማውጣት ሲጀምሩ ላብ አጠመቀኝ። አያ ደሴ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ይሄ ነገር ስሙን መጀመሪያ የሚፈልገው የት ነው?» አሉኝ።

ክው አልኩ። ሰርቨሩ ክላስ የሚባሉትን የፕሮግራሙን ቁርጥራጮች ሲፈልግ መጀመሪያ ያልተጠቀለሉት ያሉበትን ማህደር ያያል፤ እዚያ ካገኘ ወደ ጃሮቹ ማህደር ዝር አይልም። የአጎቴ ስም ያለበትን የሙከራ ክላስ እዚያው ረስቼዋለሁ! ሰረዝኩት፣ አስነሣሁት።

«ተራ አንድ፣ ደሴ።»

አያ ደሴ ጓዙን ጭነው ተራራው ላይ ወዳለው የሳንቃበር ካምፕ አቀኑ፤ መርጌታም አኩርፈው በቅሎዋን ሊመልሱ ሄዱ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝ፤ እኔም ትንፍሽ አላልኩም። ነገሩ ግን ከሆዴ ሳይወጣ ኖረ።

ትናንት ዳባት ልጃቸው ቤት ወዳሉት አያ ደሴ ደወልኩ። «የዚያን ቀን ጥፋቱ የእኔ ነበር» አልኳቸው።

«ጠፍቶኝ መሰለህ?» ብለው ሳቁ። «ቆርቆሮውን ትቼ አንተን ብሰድብ ትሸሽ ነበር። ማን ያስተካክልልኝ?»

ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ስስቅ ቆየሁ፤ አፍሬም ነበር። ለካ የዚያን ቀን ሰርቨሩን የጠገኑት እሳቸው ኖረዋል።