አንድ ዙር የቀረው ሙዳይ

የልጅ ልጄ ቤዛ ለእንቁጣጣሽ ስጦታ ይዛልኝ መጣች። ሻማ ነው። በእጅ የተሠራ መሆኑን፣ ሽታው ጭንቀት እንደሚያቀልና እንቅልፍ እንደሚያመጣ ከስልኳ ላይ እያነበበች አስረዳችኝ። «እማማ፣ ማታ ማታ አብሪው፤ ልብሽን ያሳርፍልሻል» አለችኝ። መርቄ ሳምኳት። ሻማውንም አሸተትኩት፤ እውነቴን ነው፣ ምንም አልሸተተኝም። በግንቦት እህቴ ጥሩነሽ ከሞተች ወዲህ አፍንጫዬም ምላሴም ሥራ አቁመዋል። ሽሮ ሲያርብኝ እንኳ የምትነግረኝ ጎረቤቴ ናት።

ልጅቷ ደግ ናት፤ አልፈርድባትም። ላዘነ ሰው ምን እንደሚሰጥ እኛም ድሮ ጨንቆን ያውቃል።

በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ኮልፌ ያኔ ግማሿ ከተማ፣ ግማሿ የግጦሽ ሜዳ ነበረች። ክረምት ከገባ ጭቃው ጫማ ያስቀራል፤ ወደ ጦር ኃይሎች የሚወርድ ሰው ጫማውን በእጁ ይዞ አስፋልት ሲደርስ ነበር የሚያጠልቀው። እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ጥሩነሽ በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ አየር ጤና ጋራዥ የሚሠራ መካኒክ አግብታ፣ እንደ ወጉ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ እናታችን ቤት መጥታ ነበር። በሐምሌ ወንድ ልጅ ወለደች። ሴቶቹ ሰባት ጊዜ እልል አሉ፤ የገንፎው ቅቤ ሽታ ቤቱን ሞላው። ሕፃኑ ግን ክርስትና ሳይነሳ ሞተ።

ክርስትና ላልተነሳ ሕፃን በሰፈራችን ድንኳን አይተከልም፤ እድርተኛ አይጠራም፤ ለቅሶ አይቀመጡለትም። አባቴ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ይዞት ወጣ፤ ጭቃ ለብሶ ተመለሰ፤ እጁን ታጠበ። በቃ። ጎረቤት ብቅ ይልና «እንኳን አንቺን ማርያም ማረችሽ፣ እግዜር ሌላ ይሰጥሻል» ብሎ ይሄዳል። ማንም ስላላለቀሰ ጥሩነሽም አላለቀሰችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች፤ ቃል መተንፈስ አቆመች። ሲያጎርሷት ትውጣለች፤ ካላጎረሷት አትጠይቅም። እኔ ምን ተሰምቶኝ እንደነበር ብትጠይቁኝ፣ ምንም። ውኃ እቀዳለሁ፣ ዕቃ አጥባለሁ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እሰማለሁ።

ባሏ በእንቁጣጣሽ መጥቶ ሊወስዳት ቀጠሮ ነበረ። እናቴን እንቅልፍ የነሳት ይሄ ነው። «እሱ ቀኑን ሙሉ ጋራዥ ነው የሚውለው፤ እንዲህ ሆና ብቻዋን ብትቀመጥ አንድ ቀን መርዶዋን ያመጡልኛል» ትላለች። ለበዓሉ አንድ የሚያጽናናት ነገር እንስጣት ተባባልን። እናቴ ከሸማኔ ጥበብ ቀሚስ ይሠራላት አለች፤ ግን ሰውየው በላዩ ብዙ ሥራ ስለነበረበት ለበዓሉ አይደርስም። እኔ ትምህርት ቤት በተማርኩት የእጅ ሥራ የትራስ ልብስ ጠለፍኩላት፤ ሁለት ወፍ ፊት ለፊት፣ ከሥራቸው «መልካም እንቅልፍ» የሚል ጽሑፍ። ኮርቼበት ነበር።

ሳልሰጣት በፊት ለእትዬ ከድጃ አሳየኋቸው። አጥራችን የተያያዘ ጎረቤታችን ናቸው፤ ባላቸው በር ላይ ሱቅ አላቸው፤ እሳቸው ደግሞ በሙዳይና በመሶብ ስፌት ሰፈሩ ያወቃቸው ናቸው። የትራሱን ልብስ ገለባብጠው አዩት።

«ያምራል» አሉ። «ምን ታድርግበት?»

«ትተኛበታ።»

«ታዲያ አሁንስ ተኝታ አይደል እንዴ!»

የትራሱን ልብስ አጣጠፍኩት። እሳቸውም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ እኔም ሁለት ቀብሬያለሁ። ያቀፈው ነገር የተወሰደበት እጅ ባዶ ከቀረ ሰው ያሳብዳል። ያለቀ ነገር አትስጫት፤ የሚሠራ ነገር ስጫት።» ካሉ በኋላ ከቆጥ ላይ ያምና የስፌት ሣር፣ አክርማና ቀለም የገባ ስንደዶ፣ አለላ የምንለውን፣ አወረዱ። «በይ ሙዳይ ጀምሪላት።»

«ኧረ እኔ ስፌት አልችልም፣ እትዬ!»

«እሱንማ አውቄ ነው» ብለው ሳቁ።

የበዓሉ ዋዜማ ዕለት ከሰዓት የጀመርኩትን፣ ወስፌው እንደተሰካበት፣ ጥሩነሽ ጭን ላይ አስቀመጥኩት። አበባየሆሽ ሊሉ የመጡትን ልጃገረዶች እናቴ ከበሩ ስትመልሳቸው ይሰማኛል። ጥሩነሽ ጭኗ ላይ ያለውን ነገር ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ይሄን የጀመረው ማነው?» አለች። ከሐምሌ ወዲህ ድምፅዋን ገና መስማታችን ነበር።

«እኔ ነኝ።»

«እጅሽ ይሰበር! ይሄ ሙዳይ ነው የላም አዛባ?»

የሠራሁትን በሙሉ ፈታችውና እንደ አዲስ ጀመረች። እናቴ የድስት ክዳን እንደያዘች ደጃፉ ላይ ደርቃ ቀረች፤ እንዳትደነብር የፈራች ይመስል።

በማግስቱ ባሏ ዶሮ አንጠልጥሎ መጣ። እናቴ አልለቀቀችለትም። «ሥራ ጀምራለች፤ የተጀመረ ስፌት ከተጀመረበት ቤት አይወጣም፤ ስትጨርስ ትመጣለች» አለችው። እንዲህ ያለ ወግ ስለመኖሩ እስከ ዛሬ እጠራጠራለሁ፤ ሰውየው ግን አማቱን ሊከራከር አልደፈረም፤ ዶሮውን በልቶ ብቻውን ተመለሰ።

ጥሩነሽ ሰፋች። አትስቅም፣ አታወራም፣ ትሰፋለች። መስቀል አለፈ፤ ፀሐይ ወጣ፤ ደጅ ቁጭ ብላ መስፋት ጀመረች። ሙዳዩም ለሙዳይ የማይሆን ትልቅ እየሆነ ሄደ። ሁላችንም አየን። አንድ ቀን ዙሩን ጨርሳ፣ ልትለካው ነው መሰለኝ፣ በክንዷ አቀፈችው። ልክ የሕፃኑን ያህል ነበር። እንዳቀፈችው ጮኸች።

እናቴ ልታባብላት አልሞከረችም። እየሮጠች ወደ አጥሩ ሄደችና «ከድጃ! ኑልኝ፣ ልጄ አለቀሰች! ኑ አልቅሱልኝ!» ብላ ተጣራች። እትዬ ከድጃ መጡ፤ ሌሎቹም ሴቶች ነጠላቸውን እያደገደጉ መጡ። ያለ ድንኳን፣ ያለ ቄስ፣ ያን ስም ያልወጣለትን ሕፃን አለቀሱለት። እኔ አላለቀስኩም። ለሴቶቹ ውኃ ሳቀርብ ዋልኩ።

ወደ ባሏ ቤት ስትሄድ የሙዳዩ ክዳን አንድ ዙር ቀርቶት ነበር። የተረፈውን ሣር ውስጡ አድርጋ ሰጠችኝ።

«አንቺ ጨርሺው።»

«አልችልም አላልኩሽም?»

«አሁን አትችይም። ቀኑ ሲመጣ ትችያለሽ።»

ሟርተኛ ብዬ ተቀየምኳት። ከዚያ በኋላ ሦስት ልጆች ወልዳ አሳደገች፤ ሙዳዩን ግን አንድም ቀን መልሽልኝ አላለችኝም።

ባለፈው ግንቦት ስትሞት ለእሷ ምንም አልጎደለም። ድንኳን ተተከለ፤ እድሩ ወጣ፤ ፍትሐቱ ተደረገ። ሁሉም አለቀሰ። እኔ እንደያኔው እንግዳ ሳስተናግድ ዋልኩ።

ቤዛ ስትሄድ ሻማውን መደርደሪያው ላይ አኖርኩና ሙዳዩን አወረድኩ። ወስፌው ክዳኑ ላይ እንደተሰካ ዝጓል። ሣሩ ደርቆ ስነካው ይሰባበራል። ደህና ደህናውን መርጬ ሳፋ ላይ ውኃ ውስጥ ነከርኩት፤ እስኪለሰልስ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ቆይቶ፣ እርጥብ ሣር ሸተተኝ።