ደማቸው አንድ ነው

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ነግሬ አላውቅም። በየፍልሰታው ትንንሹን ኃጢአት እየደረደርኩ፣ ትልቁን በጉያዬ እንደያዝኩ ተመልሻለሁ። አንተ የምታነበው አታውቀኝም፤ ለዚህ ነው ላንተ መናገር የቀለለኝ።

በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ከወልቂጤ ብዙም በማይርቅ ሆስፒታል ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ነበርኩ። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የቤቱ አይደለም። ሐኪሙ ፈረንጅ ስለነበር የሚናገረውን ለበሽተኛ የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። ሰው የሚሰማው የሐኪሙን ቃል ሳይሆን የእኔን ነው። ይህን አውቅ ነበር፤ እኮራበትም ነበር።

ብርነሽ የመጣችው በአባቷ በአቶ ዘርጋና በእጮኛዋ በሳህሌ ተደግፋ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ አጥንቷን እየጠዘጠዘ ያማታል። ዓይኗ ቢጫ፣ ከንፈሯ የነጣ ነበር፤ ቆንጆ ነበረች። ሐኪሙ ደሟን በማይክሮስኮፕ አይቶ ለእኔም አሳየኝ። ክብ መሆን የሚገባቸው የደም ሕዋሳት እንደ ማጭድ ታጥፈዋል። በዚህ አገር እምብዛም አይታይም አለ። ማጭዶቹ በቀጭኑ የደም ሥር ማለፍ ሲያቅታቸው እርስ በርስ ይቆላለፋሉ፣ ደሙም ይቆማል፤ የሚያማት የቆመበት ቦታ ነው። መንገዱን የሚከፍትላት የጤነኛ ሰው ደም ነው።

ሦስት ቀን ተኝታ ስትደክም ደም ስጡ ተባለ። አብረው ከመጡት ዘመዶች ሁለቱ "በቅሎዋን ውኃ እናጠጣ" ብለው ወጡ፤ በዚያው ቀሩ። አቶ ዘርጋን ሐኪሙ ለዕድሜያቸው ሰግቶ መለሳቸው። ሳህሌ ብቻ እጅጌውን ሰብስቦ ቆመ። የደሙን ጠብታ መረመርን፤ ገጠመ። ሐኪሙ "ዓይነቱ ከእሷ ጋር ይስማማል" አለኝ። እኔ ወደ አባትየው ዞሬ "ደማቸው አንድ ነው" አልኩ።

ጉራጌ ሆኖ ይህ ቃል ምን እንደሚል የማያውቅ ማን አለ? የአንድ ደም ልጆች አይጋቡም። አቶ ዘርጋ ፊታቸው ጠቆረ።

"አንድ ስትል፣ ልጄ፣ የሥጋ ነው?" አሉኝ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። እስከዚህ ድረስ ወለምታ ነበር ብልህ ታምነኝ ይሆናል። ሲጠይቁኝ ግን ጊዜ ነበረኝ። የደም ዓይነት ከዘር ጋር እንደማይገናኝ ተምሬ፣ ተፈትኜ አልፌበታለሁ። ብርነሽ ከአልጋዋ ሆና ሳህሌን ታያለች። እኔን እንድታይ ፈለግኩ። በሦስት ቀን ሰው ይወደዳል? እኔ ወደድኩ። ይህ ምክንያት ይሆነኛል?

"እንግዲህ መሣሪያው ያሳየው ይህን ነው" አልኳቸው።

ብርነሽ ደሙን ወስዳ ተሻላት። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ዘር ቆጠሩ፤ ሁለቱ የሚገናኙበት አያት አላገኙም። "እኛ ረስተን ይሆናል፤ መሣሪያ ግን አይረሳም" ተባባሉና እጮኝነቱን አፈረሱት።

እሷን ያገኘሁ እንዳይመስልህ። ሽማግሌ ብልክ "በሽተኛ ነኝ፣ አላገባም" ብላ መለሰቻቸው። ሳህሌ ቡታጅራ ሄዶ የጨርቅ ሱቅ ከፈተ። ሕመሙ በተነሳባት ቁጥር ግን ይላክበታል፤ ወንድም ነዋ፣ እንዴት ይቀራል? አንዴ በጭነት መኪና፣ አንዴ በበቅሎ፣ ክረምት ሲሆን በእግሩ ይመጣል። ደሙን የምቀዳው እኔ። ጠርሙሱን የምሰቅልላት እኔ። የእሱ ደም ጠብ ጠብ እያለ ሲገባላት ሕመሙ ይለቃታል፣ ፊቷም ይመለሳል። እሱ ግድግዳው ሥር በርጩማ ላይ ይቀመጣል። እጇን አይዝም።

"እህቴ፣ ተሻለሽ?" ይላታል።

"ተሻለኝ፣ ወንድሜ።"

ከዚያ ሁለቱም በመስኮቱ ውጭ ያለውን እንሰት ያያሉ። እንዳይተያዩ ነው። እኔ እዚያው ቆሜ እቀናለሁ። ከመካከላቸው የወሰድኩባቸው ነገር እንኳ አልተወሰደም፤ እኔን ግን እንዲህ የናፈቀኝ ሰው የለም። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። ጠርሙስ ስቀይር፣ እንደ ቀልድም ቢሆን፣ ልለው እችል ነበር። አላልኩም። አራት ዓመት ሙሉ አላልኩም።

በመጨረሻው ክረምት ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት ሳህሌ ዘገየ። የራሴን ደም መረመርኩ፤ ከእሷ ጋር ሲገናኝ ጓጎለ። የሆስፒታሉ ሠራተኞች ደምም አልሆነም። ብርነሽ በሩን በሩን ታያለች።

"አንተ የተማርክ ነህ" አለችኝ። "የአንድ ደም ሰዎች እንዲህ ይናፈቃሉ?"

ያኔም መናገር እችል ነበር። ዕድሜዋ የሰዓታት እንደሆነ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ሳትጠረጥር አልቀረችም፤ ልቧ የነገራትን ከአፌ ለመስማት ነው የጠየቀችኝ። ከተናገርኩ ግን ስትሞት የምታየኝ እንደ ሌባ ነው።

"ይናፈቃሉ" አልኳት።

አመሰገነችኝ። በማግስቱ አረፈች። ሳህሌ የደረሰው ለቀብሯ ነው፤ እንደ ወንድም ለቅሶ ተቀመጠ።

ወጣት ነበርኩ አልልም። ቃሉ አሳሳተኝም አልልም። ይቅርታ የምትሰጠኝ እሷ ነበረች፣ ስለዚህ ካንተም አልለምንም። ሳህሌ አሁን አርጅቷል፤ ቡታጅራ እንዳለ ሰምቻለሁ። ሳህሌ፣ ይህን የሚያነብልህ ሰው ከተገኘ ስማኝ፦ እህትህ አልነበረችም።