ለእናቴ ያሳመርኩት ክፍል

የካ አባዶ ያለው ኮንዶሚኒየማችን ባለ ሁለት መኝታ ነው ይባላል። እውነቱን ለመናገር ሰው የሚተኛበት አንዱ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ውስጥ የጤፍ ጆንያ፣ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ የምንሞላቸው ጀሪካኖች፣ ባለቤቴ «አሠራዋለሁ» እያለ ከቤት ቤት ይዞት የዞረ የተበላሸ ቴሌቪዥንና ውስጣቸው ምን እንዳለ የረሳናቸው ካርቶኖች ይኖሩበት ነበር። በመሀላቸው አንድ አልጋ አለ። እናቴ ከደሴ ስትመጣ ካርቶኖቹን ወደ ግድግዳው ገፋ ገፋ እናደርግና እዚያ ትተኛለች። ሳሎናችንን ያየ እንግዳ ግን ይህን ፈጽሞ አይጠረጥርም። ወፍራሙ ቀይ መጋረጃ፣ እግር የሚውጠው ምንጣፍ፣ ባለመስታወቱ ጠረጴዛ፣ ያለን ጥሩ ነገር ሁሉ የተሰበሰበው እዚያ ነው። «የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ» የሚባለው ለሰው ነው፤ የእኛ ግን ቤቱም እንደዚያ ነበር።

አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ ደሴ ብቻዋን ናት። ትመጣለች፤ ሳምንት ሳይሞላት ትሄዳለች። ምክንያት አጥታ አታውቅም። ጎረቤት ታመመ፣ ዶሮዎቹን የሚያይልኝ ሰው ሰለቸው፣ የዘመድ ሠርግ ደረሰ። እኔ ደግሞ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንድትቀር። ከእኔ ጋር እንድትኖር። በስልክ «በይ ደህና ሁኚ» ብላኝ ስትዘጋ፣ በዚያ ሰፊ ቤት ውስጥ ለብቻዋ ራት ስታቀርብ ይታየኛል። እንዲህ በቀጥታ ነግሬያት ግን አላውቅም። «ቅሪ» ስላት «ኢንሻአላህ» ትላለች፤ የእናቴ «ኢንሻአላህ» ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ባለፈው ረመዳን ሲያልቅ እንደምትመጣ ስትነግረኝ ጥፋቱን ሁሉ በክፍሉ ላይ ጣልኩት። እውነትም በጆንያና በጀሪካን መሀል የሚተኛ ሰው ምን ብሎ ይቀራል? ክፍሉን አሳምረዋለሁ አልኩ።

ዘዴውን ያገኘሁት ከስልኬ ነው። ቦሌ ያለው መሥሪያ ቤቴ ውስጥ ምሳ እንደተበላ ሁሉም ስልኩ ላይ ይደፋል፤ እኔም አንዲት ሴት መኝታ ቤት በቀላሉ ስታድስ የሚያሳይ ቪዲዮ ላይ ተደፋሁ። አንድ ግድግዳ ትቀባለች፣ አልጋ ታዞራለች፣ መጋረጃ ትቀይራለች፣ ትራስ ትደረድራለች፣ ከዚያ እጇን አጨብጭባ ትስቃለች። ላብ እንኳ አላላባትም። ይሄማ ለእኔ ምን አላት ብዬ ተነሳሁ።

መጀመሪያ ዕቃው ወጣ። ጆንያው ወደ ወጥ ቤት፣ ጀሪካኖቹ ወደ በረንዳ ሄዱ። ቴሌቪዥኑን ለቆራሌው ልሰጠው ስል ባለቤቴ እንደ ልጅ አቅፎ ወስዶ ከአልጋችን ሥር አስገባው። ከዚያ አንደኛውን ግድግዳ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ቀባሁት። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና «ካርድ የሚወጣው በየትኛው መስኮት ነው?» አለኝ። ሆስፒታል ይመስላል ማለቱ ነው። ሮለሩን አስያዝኩትና ሁለተኛውን ዙር እሱ ቀባ።

የመጋረጃውን ዘንግ የገዛሁት መገናኛ ነበር። በሚኒባስ ታክሲ ይዤው ልገባ ስል ረዳቱ ከላይ እስከ ታች አየውና «እህት፣ እሱስ የት ነው የሚወርደው?» አለኝ። ዘንጉ ከኋላ ወንበር ተነስቶ በተሳፋሪው ትከሻ ላይ አልፎ ሹፌሩ ጆሮ ሥር ደረሰ። ሰዉ መነጫነጭ ሲጀምር «ለእናቴ ክፍል ነው» ብዬ ለመንኩ። አጠገቤ የነበሩ ሴትዮ «ለእናት ከሆነማ ይያዛል» ብለው ዘንጉን በእጃቸው ደገፉት፤ ሌላውም ደገፈ። አባዶ እስክንደርስ ድረስ እናቴ ከየት እንደምትመጣና ጉልበቷን እንደሚያማት የማያውቅ ተሳፋሪ አልነበረም። ሲወርዱ መርቀውኝ ወረዱ።

ዘንጉን መስቀሉ ሌላ ጉድ ነው። ከመስኮቱ በላይ ያለው ኮንክሪት ሚስማር የሚባል ነገር አይቀበልም፤ ባለቤቴ የመታው ሁሉ እየተጣመመ መሬት ወደቀ። በመጨረሻ ጎረቤት መብሻ አዋሰንና ነጩ ስስ መጋረጃ ተሰቀለ። ኮመዲኖ ገባ፤ በላዩ የራስጌ መብራት ተቀመጠ። አልጋውን ደግሞ ልክ እንደ ቪዲዮዋ ሴትዮ አዞርኩት፤ ራስጌው ከመስኮቱ ሥር፣ ግርጌው ወደ በሩ። በመጨረሻ ሻንጣዬን ከፍቼ እናቴ ለሠርጌ የሰጠችኝን ባለጥልፍ አንሶላ አወጣሁ። ስትሰጠኝ «ለእንግዳ ይሁንሽ» ብላኝ ስለነበር እኛ ተኝተንበት አናውቅም። አነጠፍኩት፤ ትንንሽና ትልልቅ ትራሶች ደረደርኩበት። ባለቤቴ አይቶ «ይሄ ሁሉ ትራስ ለአንድ ራስ?» አለ። እኔም እንደ ሴትየዋ አጨበጨብኩ። እርግጥ ነው፣ ላቡ ገና አልደረቀልኝም ነበር።

እናቴ መጣች። በሩን ከፍቼ ሳስገባት ደፉ ላይ ቆም ብላ «ማሻአላህ! ማሻአላህ!» አለች። አንሶላውን በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ማን ሊመጣ ነው?» አለችኝ።

«አንቺ ነሽ የመጣሽው! ላንቺ ነው!»

«ውይ ልጄ» ብላ ሳቀች። ያቺ ሳቅ ደስ አላለችኝም።

ጠዋት ስገባ አልጋው ሰው የተኛበት አይመስልም። ትራሶቹ እንደተሰለፉ ናቸው፤ አንዱ ብቻ ወደ ግርጌ ተወስዷል። መለስኩት። በማግስቱም ግርጌ አገኘሁት፤ መለስኩት። የመስኮቱን ብርድ ሸሽታ ይሆናል ብዬ ተጨማሪ ብርድ ልብስ አመጣሁላት። ከዚህ የባሰው ግን ጠባይዋ ነው። ወጥ ቤት ስትገባ «ወጡ ጨው አነሰው» ብላ እንደማታውቅ ዝም አለች። ፍሪጁን ልትከፍት ስትል ዓይኔን ታያለች። አንድ ቀን ሻይ ሳቀርብላት «አመሰግናለሁ» አለችኝ። እናቴ! ሻይ ሳመጣላት ዕድሜ ልኳን «ስኳሩ በዛ» ወይም «ቀዝቅዟል» ስትለኝ የኖረች ሴት! ወደ ባለቤቴ ሄጄ «አመሰገነችኝ» አልኩት። እሱም ደንግጦ «ምን አደረግሻቸው?» አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ላይ ነገሩ ወጣ። «እንግዲህ ነገ ልሂድ» አለች፤ «ዶሮዎቹን...»

ትዕግሥት የሚባል ነገር ድሮም አልፈጠረብኝም። «የምን ዶሮ ነው!» አልኩ። «ምኑ ነው ያልተስማማሽ? ቀለሙ ነው? መጋረጃው ነው? ወይስ እኔ ነኝ? ትቀሪልኛለሽ ብዬ እኮ ነው ይሄን ሁሉ የለፋሁት!» እንባዬ መጣ። ከስንት ጊዜ በኋላ በቀጥታ መናገሬ ነበር፤ ያውም እየጮህኩ።

እናቴ ኩባያዋን አስቀመጠች። «አልጋው» አለች።

«አልጋው ምን ሆነ?»

«እግሬን ወደ ቂብላ ዘርግቼ ልተኛ?»

ክው አልኩ። በሩ ያለው በሰሜን፣ በመካ በኩል ነው። እዚያው ቤት ውስጥ በየቀኑ መስገጃዬን ወደዚያ አቅጣጫ አንጥፌ የምሰግድ ሰው፣ አልጋ ሳዞር ግን መካን ሳይሆን ስልኬን አየሁ። እናቴም ለካ ትራሷን ወደ ግርጌ እያዞረች፣ ያ ጥልፍ እንዳይጨማደድ በጋቢዋ ተጠቅልላ ከላይ ጋደም ስትል ሰንብታለች። ባለቤቴን አየሁት። ዓይኑን ዳቦው ላይ ተከለ።

«አንተስ አውቀህ ነበር?»

«በእናትና በልጅ መሀል ማን ይገባል?» አለ።

«እማ፣ ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?»

«እንግዳ የሰው ቤት አልጋ ያዞራል እንዴ?»

«አንቺ እንግዳ ነሽ?»

«አንች ነሽ እንግዳ ያደረግሽኝ!» አለች፤ እሷም ድምፅዋ ከፍ አለ። «ድሮ በጆንያው መሀል ስተኛስ እንግዳ አልነበርኩም፤ ልጄ ቤት ወደቅሁ ነው። አሁን ያን አንሶላ አነጠፍሽልኝ። ያ አንሶላ የሚነጠፈው ለሚሄድ ሰው ነው። ሲሄድ ታጥቦ ወደ ሻንጣው ይመለሳል። ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁም ወይ? አንሶላውን ሳየው መሄጃዬን ነገረኝ።»

እውነቷን ነበር። በእኛ ቤት እንግዳ ንጉሥ ነው፤ ንጉሥ ደግሞ ፍሪጅ አይከፍትም፣ ወጥ አይቀምስም፣ ቀኑ ሲደርስ ተሸኝቶ ይሄዳል። ለእናቴ ያለኝን ክብር ሁሉ ሰብስቤ አልጋ ላይ ሳነጥፍላት በሩን እያሳየኋት እንደሆነ አልገባኝም።

«እንግዲያው አንቺው አዙሪው» አልኳት። «አልጋውንም፣ ቤቱንም። የፈለግሽውን አድርጊ። ደስ ካላለሽ ነገ መናኸሪያ ራሴ አደርስሻለሁ።» ዘንቢሌን አነሳሁና ወደ ገበያ ወጣሁ። መናደዴ በእሷ ይሁን በራሴ አላውቅም። ሽንኩርት ስመርጥ ባለሱቁ «እህቴ፣ ሽንኩርቱ ምን አደረገሽ?» እስኪለኝ ድረስ እየጨመቅኩት ነበር። ከገበያ ቶሎ አልተመለስኩም። ተመልሼ ሻንጣዋን በር ላይ ቆሞ እንዳላገኘው ፈርቼ ነው።

ደረጃውን ወጥቼ በሩን ስከፍት ሻንጣ አላየሁም። ሳሎኔንም አላየሁትም። ቀዩ መጋረጃ የለም፤ በቦታው የመኝታ ቤቱ ነጭ መጋረጃ ተሰቅሏል፤ አጥሮ ከመስኮቱ ግማሽ ላይ ቀርቷል። ምንጣፉ የለም። ጠረጴዛው የለም። ሶፋዎቹ ባዶ ወለል ላይ ተፋጥጠዋል፤ ጥጉ ላይ ያ ሁሉ ትራስ ተቆልሏል። ባለቤቴ ሸሚዙ በላብ ርሶ አንዱ ሶፋ ላይ ተዘርግቷል።

«ተዘረፍን?» አልኩት።

«እናትሽ ናቸው» አለ። «አልጋውን አራት ጊዜ አዞርኩት። ከዚያ መጋረጃው ይሳሳል፣ ፀሐይ ያስገባል አሉ። ከዚያ ለጉልበታቸው ምንጣፍ ይሻላል አሉ። ለመድኃኒታቸውና ለሻያቸው ጠረጴዛ አሉ። እኔም የእንግዳ ነው እኮ ብላቸው፣ እንግዳ አንድ ሻይ ጠጥቶ ነው የሚሄደው፣ ምንጣፍ ምን ያደርግለታል አሉኝ።»

«አንተስ ዝም አልክ?»

«ዝምታ ወርቅ ነው» አለና ዓይኑን ጨፈነ።

ያ ምንጣፍ ሰው በጫማ እንዳይረግጠው ስንቱን ያስቀየምኩበት ምንጣፍ ነው። ዘንቢሌን እንደያዝኩ ወደ ክፍሉ ሄድኩና በሩን በረገድኩት።

ቀዩ መጋረጃ ተጋርዶ ክፍሉ ሞቅ ብሏል። አልጋው ተዟዙሮ ጎኑን ለግድግዳው ሰጥቷል። ባለጥልፉ አንሶላ ተነጥፎ ተጨማዷል፤ ጫፉ ላይ ሻይ ፈሶበታል። እናቴ አንድ እጇን ከቀሚሷ እጅጌ አውጥታ፣ ሌላውን ልታወጣ ስትታገል ደረስኩ።

«አንች ልጅ!» አለችኝ። «ማንኳኳት የሚባል ነገር የለም እንዴ? የሰው ክፍል እኮ ነው!»

ያሰብኩት ቁጣ ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም። ወደ ኋላዬ ተመልሼ ወጣሁ። በሩን ዘጋሁት። በገዛ ቤቴ፣ ዘንቢሌን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ እንባና ሳቅ እየታገሉኝ አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እማ። ልግባ?»

«ቆይ» አለችኝ።

ደስ ብሎኝ ቆየሁ።