ከግድግዳ ግድግዳ የዞረው ደብር

ሥዕሉን የገዛሁት ከፌርፋክስ ጎዳና ብዙም በማይርቅ ግቢ፣ ሰዎች ያገለገለ ዕቃቸውን በሚሸጡበት ያርድ ሴል ላይ ነው። ባለቀለም ሊቶግራፍ፣ ማለትም በድንጋይ የታተመ የድሮ ሥዕል፤ የአልፕስ ተራራ፣ ከሥሩ ሐይቅ፣ ሐይቁ ዳር ጥቂት ቤቶችና ጣሪያዋ የሾለ ቤተ ክርስቲያን። ሻጯ ስለ ዕድሜው ስታስረዳኝ እንደገባው ሰው አገጬን አሻሽ ነበር። እውነቱን ለመናገር የወደድኩት ፍሬሙን ነው፤ የኮሪደራችንን ስንጥቅ ልክክ አድርጎ ይሸፍናል።

ያን ሰሞን የባለቤቴ ታላቅ እህት ዳሌያቸውን ቀዶ ጥገና ተደርገው እኛ ቤት ነበሩ። እንቅስቃሴ የምታሠራቸው ቴራፒስት «ካልተራመዱ እግርዎ ደርቆ ይቀራል» ብትላቸውም፣ እሳቸው ከአልጋ ሽንት ቤት፣ ከሽንት ቤት አልጋ፤ በቃ። ባለቤቴ ተደብቃ ታለቅስ ነበር።

ሥዕሉን በሰቀልኩ ማግስት ዎከራቸውን፣ ያን ባለአራት እግር መደገፊያ፣ ይዘው ብቅ አሉና ቀጥ አሉ።

«አንተ ሰውዬ! ቤተ ክርስቲያን ሽንት ቤት ፊት ለፊት ትሰቅላለህ?»

«እትዬ፣ የፈረንጅ አገር ሥዕል እኮ ነው።»

«መስቀል የለውም? ጴንጤ መሆንህን አውቃለሁ፤ ዕውር መሆንህን ግን ዛሬ አወቅሁ!»

እውነትም ጫፉ ላይ መስቀል አለ። መነጽሬ ግንባሬ ላይ ነበር። ሥዕሉን ነቅዬ ኮሪደሩ መጨረሻ ሰቀልኩት። እሳቸውም እየተጎተቱ ተከተሉኝ፤ አማተቡ፤ ግንባራቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ተሳለሙ። በማግስቱም ሳይጠሯቸው መጡ። ባለቤቴ ከወጥ ቤት በር ላይ ሆና ጠቀሰችኝ።

ተንኮሌ የመጣው ያኔ ነው። በየሳምንቱ ምስማሩን አርቀው ጀመር፤ ሳሎን፣ ከዚያ መመገቢያው ጥግ፣ በመጨረሻም የውጭው በር አጠገብ። አንዲት ስንጥቅ ልሸፍን ብዬ ቤቱን ወንፊት አደረግሁት።

አንድ ጠዋት እትዬ በሩ ጋ ደርሰው ተሳለሙና ዞሩ።

«ይሄ ደብር ከኔ የተሻለ ይሄዳል። ነገ ደግሞ ፒኮ ጎዳና ላይ፣ አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ልትሰቅለው ነው?»

መዶሻው እጄ ላይ ነበር።

«ይልቅ እሁድ እውነተኛው ጋ ውሰደኝ።»

ወሰድኳቸው። ዕድሜዬን ሙሉ በፓርኪንግ ሥራ የሰው መኪና ሳቆም የኖርኩ ሰው ለራሴ ቦታ አጥቼ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ራቅ ብዬ ፓርክ አደረግሁ።

«ሆን ብለህ ነው» አሉኝ።

አይደለም ብል ማን ያምነኛል? ዎከሩን ከኋላ ለማውጣት ስታገል፣ እሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ሳላይ ከቤት ያመጡትን ከዘራ ይዘው መንገድ ጀምረዋል።