ቱርቦው እስኪበርድ

ወንድሜ ከአዲስ አበባ እኛ ዘንድ ቆሰበር የሚመጣባት የስፖርት መኪና ባለአራት ሲሊንደር ቱርቦ ናት። እንዲህ ያለ ትንሽ ሞተር ለሩጫ መኪና አይሆንም፣ ዕድሜም የለውም ሲሉት ይናደዳል። «ዋናው አያያዙ ነው» ይላል። መንገዱን ሁሉ ሲያበርራት መጥቶ፣ ደጃፋችን ቆሞ በሩጫ የጋለው ቱርቦ እንዳይበላሽበት እስኪበርድ ድረስ ሞተሩን አያጠፋም። አባታችን በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል።

አምና ለፈረሰኞች በዓል የአባታችንን ፈረስ ተውሶ ቀኑን ሙሉ ጋለበው። ከዚያ ላቡ እየተንጠባጠበ ቀዝቃዛ ውሃ አጠጣውና አስሮት ሊጠጣ ሄደ። ፈረሱ በማግስቱ ሞተ።

አባቴ አልተቆጣም። ከዚያ ወዲህ ግን ወንድሜ በመጣ ቁጥር አንድ ነገር ብቻ ይጠይቀዋል፤ «መኪናህ ደህና ናት?»

ይሄ ጅል ደስ ይለዋል።

«ተመስገን አባዬ፣ እንደ አዲስ ናት።»