ስምንተኛዋ ሸረሪት ወደ መንጌ

አሶሳ፣ ከጠዋቱ 12:30

ከአሶሳ ወደ መንጌ የተነሳሁት አንዲት ሸረሪት በብልቃጥ ይዤ ነው። ባለፈው ወር ከመንጌ ወርቅ ማጠቢያ አጠገብ፣ ከአፈር ላይ ስምንት ለቅሜ ነበር፤ ሰባቱ በዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ አንድ በአንድ አለቁብኝ። የማስተርስ ጥናቴ የሸረሪት መርዝ ከምታድናቸው ነፍሳት ጋር እንዴት እንደሚስማማ ነው። ሌሎች ካላገኘሁና ይቺም ከሞተች የሁለት ዓመት ልፋቴ ገደል ገባ። ትቻት ለመሄድም ፈራሁ።

ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ፈጀ። እወርዳለሁ፣ ብልቃጡን አያለሁ፣ ተመልሼ እገባለሁ፣ ደግሞ እወርዳለሁ።

«መምህር፣ ወይ ተቀመጥ፣ ወይ በእግርህ ቅደመን» አለኝ ሾፌሩ።

ኮረኮንቹ ሲያንገጫግጨን ብልቃጡን በሁለት እጄ ታቀፍኩት። ቀርከሃው፣ የተቃጠለው ሣር፣ የመንገድ ዳር ማንጎ ሁሉ አለፈ፤ ልብ ብዬ ያየሁት ነገር የለም።

መንጌ፣ 5 ሰዓት

የወርቅ አጣቢዎቹ ታላቅ እማማ ሐሊማ ይባላሉ። እሳቸውና ጓደኞቻቸው የወንዙን ዳር ብቻ ሳይሆን የምስጥ ኩይሳም ቆፍረው አፈሩን ያጥባሉ። ምስጥ አፈር ከጥልቅ ስለሚያወጣ፣ ከታች ወርቅ ካለ እዚያ ይታያል ይላሉ።

የማሽላ ገንፎ ከባምያ ወጥ ጋር አቀረቡልኝ። ባምያ ሲያሟልጨኝ አልወድም፤ ዳር ዳሩን ነካካሁና ብልቃጡን አወጣሁ።

«ኡስታዝ፣ ይሄ ምን አበላህ?» አሉ በተሰባበረ አማርኛቸው፣ ሸረሪቷን እያዩ።

«ዝንብ፣ እማማ።»

የመንጌዎቹን ሸረሪቶች ከቤት ሸረሪቶች ጋር ሳወዳድር ፍትሐዊ እንዲሆን ብዬ ለሁሉም ያንኑ ዝንብ ነበር የምሰጠው። በዚህ ጥንቃቄዬ እንኮራ ነበር፣ እኔም አማካሪዬም።

እማማ ሐሊማ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ወላሂ! አንተ ገንፎ አይበላም፣ እሱ ዝንብ አይበላም። ሁለት አንድ ነው! ይሄ ምስጥ ብቻ ይበላል። እኛ ኩይሳ ሲቆፍር ሁልጊዜ ያያል።»

ኩይሳውን በዶማ ጫፍ ሸረፍ አድርገው አንድ ምስጥ ብልቃጡ ውስጥ ጣሉ። ለቀናት ተኮራምታ የቆየችው ሸረሪት ዞረች፤ አንዴ ነክሳ ሸሸት አለች። ሦስት እስክቆጥር ምስጡ ተዝለፈለፈ። ይህችው ሸረሪት ባለፈው ሳምንት ዝንብ ነክሳ፣ ዝንቡ ምንም ሳይሆን በርሮ ነበር። እኔም «ታማለች» ብዬ መዝግቤያለሁ።

በደስታ ልጮህ ነበር። ወዲያው ግን ሰባቱ ትዝ አሉኝና አፈርኩ።

«ብላ እንግዲህ» አሉኝ እማማ ሐሊማ፣ ገንፎውን እያስጠጉ። በላሁ።

አሶሳ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ስድስት ሸረሪትና አንድ ጣሳ ምስጥ ጨምሬ ተመለስኩ። የመርዟ ነገር ገባኝ፤ ዘሯ ምስጥ ሲያድን ስለኖረ መርዙም ለምስጥ ተስሏል፣ ለዝንብ ግን ደንዟል። እኔ ደግሞ ዝንብ ደርድሬ ፍትሕ አደረግኩ እላለሁ።

ቤተ ሙከራ ገብቼ መዝገቡን ገለጥኩ። በሰባት መስመር ላይ «የሞት ምክንያት፦ ያልታወቀ» ይላል። ሰባቱንም ሰረዝኩ። በየመስመሩ «ረሃብ» ብዬ ጻፍኩ፤ ከጎኑም «መጋቢ» ብዬ ስሜን።